«የተደረገ ጥናት የለም» ስለሚለው ዐረፍተ ነገር
ስለ አዋሽና ስለ ሰመራ በካታሎግና በመረጃ ቋት ከተደረገ ፍለጋ የተገኘ ትችት

በየዓመቱ ለመምህራኖቻችን የምናቀርባቸውን የጥናት ጽሑፎች አገላብጦ ያየ ሰው፥ ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ የታወቀ ዐረፍተ ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ይኸውም «በዚህ ርእስ ላይ እስከ አሁን የተደረገ ጥናት የለም» የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለጸሐፊው ግን ብዙ ያገለግለዋል። ሥራው አዲስ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ከርሱ በፊት የጻፉትን ሰዎች ከማንበብ ያሳርፈዋል፤ መምህሩም ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው። የምንነቅፈውም በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ እኛም ራሳችን ጽፈነዋልና።

ባለፈው ዓመት ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ ስለሚኖሩት አርብቶ አደሮችና ስለ በጋ ግጦሻቸው አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን በላቲን ፊደል «አዋሽ»፥ «አፋር»፥ «ሰመራ» ብለን ጻፍን፤ የመጣውን ዝርዝር ለግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከትን፤ የሚረባ ነገር ስላላገኘን ያንን ዐረፍተ ነገር ጻፍን። መምህራችን ጽሑፉን ሲመልሱልን በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ብቻ አስፍረው ነበር፤ «የት ተፈለገ?» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው። ዓመት ስንጠቅስ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እጅግ ቀላል ስለ ነበረ ሳናስተውለው ቀረን። የመረጃ ቋቱ የሚያውቀው ፊደላትን እንጂ አገርን አይደለም። «አፋር» በላቲን ፊደል ሲጻፍ፥ በእንግሊዝኛ «ከሩቅ» ከሚለው ቃል ጋር በፊደል አንድ ይሆናል። «አዋሽ»ም እንዲሁ «በውኃ የተጥለቀለቀ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ነው። ሰመራ ብዙ ጊዜ «ሳማራ» ተብላ ትጻፋለች፤ ሳማራ ደግሞ በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ ከተማ ስም ነው፤ በዕፀዋት ጥናትም ክንፍ ያለው የዛፍ ፍሬ በዚሁ ስም ይጠራል። መኪናው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ፥ በዕዳ ስለ ተጥለቀለቁ ኩባንያዎች፥ ከሩቅ ስለሚታዩ ከዋክብትና ስለ ዛፍ ፍሬ የተጻፈውን ሁሉ አምጥቶ ከፊታችን ደረደረልን። የሰመራ ጎረቤት የሆነችውን ሎግያን ብንፈልግ ደግሞ የወንጌል ተመራማሪዎች የጌታን ንግግሮች ስብስብ የሚጠሩበት የግሪክ ቃል መጣ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን ይህን ቃል ስናይ አልተደናገርንም፤ ለጥናታችን ግን አልጠቀመንም።

ከውጭ አገር ቋት ወጥተን በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ብንፈልግም ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በዚያ «አዋሽ» ብሎ የጻፈ ሰው በ1994 ስለ ተቋቋመው አዋሽ ባንክ የተጻፉ የሥራ አመራርና የሒሳብ ጥናቶችን ያገኛል። «አፋር» ያለ ሰው ደግሞ በመሬት መሰንጠቅና በእሳተ ገሞራ ላይ የተጻፉትን፥ እንዲሁም በ1974 ሐዳር ላይ ከተገኘችው ከድንቅነሽ ወዲህ ስለ ቅሪተ አካል የታተሙትን ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ስለ ግመልና ስለ ግጦሽ የሚጠይቀው ተማሪ ግን በመካከላቸው ይጠፋል።

ለዚህ መድኀኒቱ ቃላትን ማጣመር ነው። አንድ ስም ብቻውን አይላክ። «አዋሽ» ከ«ሸለቆ» ጋር በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቢገባ፥ መኪናው ሁለቱን ቃላት ተከታትለው በተጻፉበት ቦታ ብቻ ይፈልጋል፤ የተጥለቀለቁት ኩባንያዎችም ይወገዳሉ። «አፋር» ከ«አርብቶ አደር» ጋር በ«እና» ቢታሰር እሳተ ገሞራው ይቀንሳል። ተመሳሳይ ስሞች ደግሞ በቅንፍ ውስጥ በ«ወይም» ይያያዛሉ። ሦስተኛው ማሰሪያ «ይህን የያዘውን ተው» የሚለው ነው፤ ይህን ግን በጥንቃቄ እንድንጠቀምበት እንመክራለን። «ጂኦሎጂ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ አስወጡልን ብንል፥ ስለ ድርቅ ጽፎ ስለ አፈሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጠቀሰውም አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛው ስሕተታችን ከዚህ የጠለቀ ነው። ዛሬ የምንጠራውን ስም ትናንትም ይጠራ የነበረ መሰለን። ስለዚህ አገር የተጻፉ ሦስት የታወቁ የጉዞ ሥራዎችን እንውሰድ። ቬርነር ሙንዚንገር በ1869 በለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ያሳተመው በርእሱ ላይ «አፋር» ይላል። ኔስቢት ከደቡብ ወደ ሰሜን በ1928 ያደረገው ጉዞ በ1930 ሲታተም የሚለው «ደናክል» ነው። ዊልፍሬድ ቴሲገር ከአዋሽ የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን እስከ መጨረሻው ከተከተለ በኋላ በ1935 ያሳተመው ደግሞ «የአዋሽ ወንዝና የአውሳ ሱልጣኔት» የሚል ነው፤ በርእሱ ላይ አፋርም ደናክልም የለም። ሦስቱ ሰዎች የአንድ ሕዝብ አገር አቋርጠዋል፤ በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያገኛል።

በዚህ ላይ የየቋንቋው አጻጻፍ ይጨመራል። የቀድሞ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች በአዋሽ ስም መጀመሪያ ላይ «ኤች» ይጨምሩ ነበር፤ ጣሊያኖች «ደብልዩ» ስለማያዘወትሩ በ«ዩ» ይጽፉታል፤ አገሩንም «ዳንካሊያ» ይሉታል። ሕዝቡ ራሱ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ የስሙን መጀመሪያ በ«ኪው» ይጀምራል፤ ይህ ፊደል በአፋርኛ የዐይንን ድምፅ የሚወክል ነውና። ስለዚህ በአፋርኛ የታተመ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው በ«ኤ» ሥር ብቻ ቢያስስ የባለቤቶቹን ሥራ ሳያይ ይመለሳል። «ደናክል» ስለሚለው ስም አንድ ቃል እንጨምር። ስሙ ሌሎች ለአፋር የሰጡት እንጂ አፋሮች ራሳቸውን የሚጠሩበት አይደለም። ስለዚህ በፍለጋ ጊዜ እንጽፈዋለን፤ በራሳችን ጽሑፍ ውስጥ ግን አናስገባውም። አሮጌ በር በአሮጌ ቁልፍ ይከፈታል፤ ቁልፉን ግን አንገት ላይ ማንጠልጠል አያስፈልግም።

ስለ ሰመራም ያልተገነዘብነው ነገር ነበር። ሰመራ አሳይታን ተክታ የክልሉ ዋና ከተማ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ስሟን መፈለግ ያልተወለደን ሰው ፊርማ እንደ መፈለግ ነው። የዚያን አካባቢ ታሪክ የሚሻ ሰው አሳይታን፥ ዱብቲን፥ ሎግያን፥ ተንዳሆንና አውሳን ይጠይቅ። አስተዳደሩም እንዲሁ ተለዋውጧል። አፋር ዛሬ በሚታወቅበት ወሰን አንድ ክልል ከመሆኑ በፊት አውሳ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውራጃ ነበረ፤ ሌላው የአፋር አገር በትግራይ፥ በሸዋና በሐረርጌ ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። ስለዚህ በዘመኑ የነበረ የመንግሥት ሪፖርት «አፋር ክልል» በሚል ስም አይገኝም፤ በ«ወሎ» ወይም በ«ሐረርጌ» ሥር ተቀምጧል። በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ያወጣቸውን ጽሑፎች የሚፈልግ ሰውም በመሥሪያ ቤቱ ስም፥ ማለት በደራሲው ቦታ፥ ካልፈለጋቸው በቀር በርእስ ብቻ አያገኛቸውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የራሳችን የአማርኛ ነው። በግእዝ ፊደል ሲፈለግ «አፋር»፥ «ዐፋር» እና «ዓፋር» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለመኪናው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። «ሰመራ» እና «ሠመራ»፥ «አውሳ» እና «ዐውሳ»ም እንዲሁ። መምህራን ስለ ሞክሼ ፊደላት ሲከራከሩ ክርክሩ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ መጽሐፍ ማግኘትና ማጣትም ነው። የዘመን አቈጣጠሩ ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት ዐዋጅ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆች መጋቢት 1975 ነው። አንዱ ካታሎግ አንዱን፥ ሌላው ሌላውን ዓመት ሊመዘግብ ስለሚችል፥ ፍለጋውን በአንድ ዓመት ብቻ ያጠረ ተማሪ መጽሐፉ ከአጥሩ ውጭ ይቀርበታል። ቢያንስ ስምንት ዓመት ወዲህና ወዲያ ማስፋት ይገባል።

የደራሲ ስምም አለ። የኢትዮጵያዊ ስም የቤተ ሰብ ስም ስለሌለው በራሱ ስም መመዝገብ ይገባዋል፤ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንትም ይህንኑ ይከተላሉ። የውጭ መጽሔቶችና የመረጃ ቋቶች ግን የአባትን ስም ወደ ፊት ያመጣሉ። በ2001 ስለ አፋር አርብቶ አደሮች ታላቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ጌታቸው ካሳ በአንዱ ዝርዝር በ«ጌታቸው»፥ በሌላው በ«ካሳ» ሥር ይገኛሉ። ማክኑን ገማለዲንም እንደዚሁ በሁለት ስም ተከፍለዋል። የርሳቸው ነገር በሌላ ምክንያትም ያስተምራል። በአዋሽ ሸለቆ ስለ መንግሥት ፖሊሲና ስለ ረኀብ የጻፉት በ1987 የታተመው በአፍሪካ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በተዘጋጀ መድበል ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ነው። ካታሎግ ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን እንጂ ምዕራፉን አይመዘግብም። ስለዚህ ምዕራፉ በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ሳለ በካታሎጋችን ውስጥ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከመምህራችን ሁለት ቃላት በኋላ ስሞቹን ዘርዝረን፥ አጣምረን፥ እንደ ገና ብንፈልግ ምን አገኘን? ከሁሉ በፊት ላርስ ቦንደስታም በ1974 በዘመናዊ አፍሪካ ጥናት መጽሔት ያወጣውን አገኘን። ርእሱ «ሕዝብና ካፒታሊዝም በኢትዮጵያ ሰሜን ምሥራቅ ቈላ» የሚል ስለ ሆነ አፋርንም አዋሽንም አይጠራም፤ የሚናገረው ግን ስለ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎችና ስለ አፋር ነው። ያገኘነውም በርእሱ ሳይሆን ሌላ ጸሐፊ ስለ ጠቀሰው ነው። ሄልሙት ክሎስ በ1982 በአፍሪካ ጥናት መጽሔት ስለ ልማት፥ ስለ ድርቅና ስለ ረኀብ በአዋሽ ሸለቆ የጻፈውን አገኘን። የማክኑን ምዕራፍም ተከተለ፤ ከዚያም ጌታቸው ካሳ። እነዚህ ሰዎች በየመንገዳቸው ወደ አንድ ነጥብ ይመጣሉ፤ የወንዙ ዳር ሣር ለአርብቶ አደሩ የበጋና የክፉ ቀን መጠጊያው ነው፤ ያ መሬት ለመስኖ እርሻ ሲወሰድ ድርቁ ወደ ረኀብ ለመለወጥ ይቀለዋል።

እኛ ደግሞ ባለፈው ዓመት በጽሑፋችን መደምደሚያ ላይ ይህንኑ «አዲስ ግኝት» ብለን አቅርበነው ነበር። እኛ ሳንወለድ ታትሞ ያለቀውን ነገር እንደ ራሳችን ግኝት አድርገን መቍጠራችን አሳፈረን። ከኀፍረቱ ይበልጥ የከበደን ግን ሌላ ነው። ለዚያ ጽሑፍ አዋሽ በሄድን ጊዜ አንድ የአፋር አዛውንት በአስተርጓሚ አማካይነት ጥያቄያችንን ሁሉ በትዕግሥት መለሱልን፤ በመጨረሻም «ይህን ከእናንተ በፊት የመጡትም ጠይቀውን ነበር፤ የነገርናቸውን የት አደረሱት?» አሉን። በዚያን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንም። ዛሬ መልሱን እናውቃለን። አባቶች የነገሯቸው ነገር ተጽፏል፤ ታትሟል፤ በካታሎግ ውስጥም ገብቷል። ያላደረስነው እኛ ነን። «የተደረገ ጥናት የለም» ብለን በጻፍን ቍጥር፥ ያ ሕዝብ አንድ ጊዜ የመሰከረውን እንዳልመሰከረ እናደርገዋለን፤ ሸለቆው ላይ ዕቅድ የሚያወጣውም ሰው ምስክርነቱን እንዳልሰማ ሆኖ ሥራውን ይጀምራል።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የታወቀ ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሳይቸኵሉ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናብ፥ ስለ ሣር፥ ስለ ከብት፥ ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ፤ የሰሙትንም ሳያዛቡ ለሚቀጥለው ማስተላለፍ ግዴታቸው ነው። ማን እንዳየው፥ ከማን እንደ ተሰማ ይጠየቃል። ይህን ስናስብ፥ ምንጭን የመጠየቅ ትምህርት ከማንም ይልቅ ከእነርሱ ልንወስደው እንችል ነበር እንላለን። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲገኝ ሥራው እዚያ አይቆምም፤ «አንተ ከማን ሰማህ?» ብሎ ወደ ኋላ፥ በግርጌው የጠቀሳቸውን ማየት፤ «ከአንተስ ማን ሰማ?» ብሎ ወደ ፊት፥ እርሱን የጠቀሱትን መከተል ያስፈልጋል። ለዚህ ሁለተኛው ጉግል ስኮላር የተባለው የፍለጋ መሣሪያ ጠቃሽ ጽሑፎችን ይዘረዝራል። ቦንደስታምን ያገኘነው በዚህ ዐይነት የወሬ ሰንሰለት እንጂ በቁልፍ ቃል አይደለም።

ሌላም ዘዴ አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያዎች ነበሩ፤ በየካርዱም ግርጌ መጽሐፉ የሚመደብባቸው የርእሰ ጉዳይ ስሞች ተጽፈው ነበር። ያን ጊዜ ማንም ልብ አይላቸውም። ዛሬም በኮምፒዩተሩ ካታሎግ ውስጥ እነዚያ ስሞች አሉ። አንድ ትክክለኛ መጽሐፍ ካገኘን፥ ካታሎግ ሠሪው የሰጠውን የርእሰ ጉዳይ ስም አንብበን በዚያው ስም እንደ ገና መፈለግ ነው። እኛ በራሳችን ቃል ስንፈልግ እንገምታለን፤ በካታሎግ ሠሪው ቃል ስንፈልግ ግን በደረደረበት ሥርዐት እንገባለን። በዲዊ አመዳደብ ኢትዮጵያ 963 ላይ ብትገኝም፥ የአፋር ነገር በታሪክ፥ በግብርና፥ በጂኦሎጂና በቋንቋ ክፍሎች ስለ ተበተነ፥ በአንድ መደርደሪያ ፊት ቆሞ መፈለግ አይበቃም።

በአዲስ አበባም በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ በኢንተርኔት ይገኛል፤ ከ1955 ጀምሮ የሚታተመው የፈረንሳይኛ መጽሔት «አናል ዴትዮፒ» በፐርሴ ላይ ይነበባል። ያን አብነት ወስዶ በሦስት ቋንቋ የሚፈልግ ተማሪ በአንድ ቋንቋ ከሚፈልገው ይልቅ ብዙ ያገኛል።

መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ጽሑፉ ቢገኝም ገንዘብ ይጠየቅበታል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን «መኖሩን አውቀን ልናገኘው አልቻልንም» ማለትና «የለም» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ችግርን ይናገራል፤ ሁለተኛው ሐሰት ይናገራል። መኖሩን ያወቀ ሰው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ መጠየቅ፥ ወይም ለደራሲው ደብዳቤ መጻፍ ይችላል።

ነቀፋችን ለተማሪው ብቻ ቢሆን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ካታሎግ የሚያዘጋጁት ሰዎች ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚያነብ ሥርዐት ቢያበጁ፥ «ደናክል» ያለውን አንባቢ ወደ «አፋር» የሚመራ «ይህንንም ይመልከቱ» የሚል ማገናኛ ቢያኖሩ፥ በመድበል ውስጥ ያሉ ምዕራፎችን ቢመዘግቡ የብዙዎች ድካም ይቀላል። መምህራንም ያንን ዐረፍተ ነገር ባዩ ቍጥር «የት ተፈለገ?» ቢሉ፥ ዐረፍተ ነገሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከጽሑፎቻችን ይጠፋል።

እኛ በበኩላችን በእርሱ ቦታ የሚከተለውን እንድንጽፍ እናሳስባለን፤ «እነዚህን ስሞች ይዘን፥ በእነዚህ ካታሎጎችና የመረጃ ቋቶች፥ በዚህ ወር ፈልገን ያገኘነው ይህን ነው።» ይህ ትሑት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሊመረመርና ሊታረም ይችላል፤ የሚቀጥለውም ተማሪ ካቆምንበት ይነሣል። ነገሩ እኛንም ይነካል። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በሥነ ሕዝብ ማኅበራቸው መጽሔት ስለየአገራቸው ልማድ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ ከእኛ መካከል ያነበባቸው ስንት ነው? ይህ ያላችሁበት መጽሔትም ቢሆን በአንድ ካታሎግ ውስጥ በትክክለኛ ስም፥ በትክክለኛ ርእሰ ጉዳይ ካልገባ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ስለ አዋሽ ሊጽፍ ተቀምጦ፥ ለግማሽ ሰዓት ፈልጎ፥ «በዚህ ርእስ ላይ የተደረገ ጥናት የለም» ብሎ ይጽፋል። በዚያን ጊዜ ያልነበርነው እኛ እንሆናለን።